«እጠራቸዋለሁ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

እንግዳ ተቀባይዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ ውስጥ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ በእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ልጀምር ነው። ሂ፣ ሺ እና ዜይ የሚሉትን አውቃለሁ፤ የሚያስቸግሩኝ ሂም፣ ኸር እና ዜም ናቸው። ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ የገፉ ሰው ስለሆኑ «እጠራቸዋለሁ» ለማለት ሂም ልበል ወይስ ዜም? «ሻንጣውን አመጣልዎታለሁ»ስ እንዴት ይባላል? እባካችሁ አስረዱኝ።

መምህሩ፦ እህቴ፣ «አይ ዊል ኮል ሂም» በዪ። እንግሊዝኛ እንደ እርሳቸው ያለ የአክብሮት ተውላጠ ስም የለውም። ዜም ካልሽ እንግዳው ብዙ ሰዎችን ይጠብቃል። አክብሮቱን በ«ሚስተር» መግለጽ ትችያለሽ። አይ ወደ ሚ፣ ሂ ወደ ሂም፣ ሺ ወደ ኸር፣ ዊ ወደ አስ፣ ዜይ ወደ ዜም ይለወጣሉ፤ ዩ እና ኢት እንዳሉ ይቀራሉ።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። «አመጣዋለሁ» ስንል የሚመጣው ነገር ግሡ ውስጥ ገብቷል። የእንግሊዝኛ ግሥ ይህን አይሸከምም፤ ኢት የግድ ከኋላው ለብቻው መቆም አለበት። «አይ ዊል ብሪንግ» ብለሽ ካቆምሽ ዐረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው።

አስጎብኚው፦ መምህሩ ባሉት ላይ ልጨምር። መኪናን፣ ከተማን፣ ፀሐይን በአማርኛ አንስታይ አድርገን እንጠራለን፤ በእንግሊዝኛ ኢት ናቸው። እቴጌ ጣይቱ ኸር ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራው ሆቴል ግን ኢት ነው። አራት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችውን ሉሲን ስናስጎበኝ ደግሞ፣ አጽሟ የሴት ነው ስለሚባል፣ «ዜይ ፋውንድ ኸር ኢን አፋር» እንላለን።

ተርጓሚዋ፦ ተቃራኒውም ችግር አለ። «ሻንጣውን አመጣዋለሁ» በአማርኛ ትክክል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሻንጣውን ከጠራሽ ኢት አይደገምም፦ «አይ ዊል ብሪንግ ዘ ባግ»። እንደ ዊዝ፣ ፎር እና ቱ ካሉ መስተዋድዶች በኋላም ሚ፣ ሂም፣ ኸር እንጂ አይ፣ ሂ፣ ሺ አይገቡም። «ንገሩኝ» ለማለት «ቴል ሚ» ይበቃል፤ አንቺ የጻፍሽው «አስረዱኝ» ግን ቱ ይፈልጋል፦ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ»። ይህን ብዙ ዓመት የተማሩም ይስቱታል፤ ከአሁኑ ያዢው።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ «ዘ ማኔጀር ኢዝ አፕስቴርስ። አይ ዊል ኮል ሂም» እና «ዩር ባግ ኢዝ ሂር። አይ ዊል ብሪንግ ኢት ቱ ዩ» ብል ልክ ነኝ?

መምህሩ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሻንጣው ሁለት ከሆነ ግን ኢት አይሆንም። እኛ «ሁለት ሻንጣ አለ፤ አምጣው» ብለን በነጠላ እንናገራለን፤ እንግሊዝኛው ለዕቃም ቢሆን ብዙ ከሆነ ዜም ይላል፦ «አይ ዊል ብሪንግ ዜም ቱ ዩ»።