ይዘቱ ያልተጻፈበት «ተፈጥሯዊ» የብጉር ቅባት ከገበያ ይውጣ?

አወያይ
የዛሬው መከራከሪያ፦ በየሱቁ፣ በየውበት ሳሎኑና በቴሌግራም ቻናሎች «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» እየተባሉ ለወዛምና ብጉር ለሚበዛበት ፊት የሚሸጡ ቅባቶች አሉ። አብዛኛው ብልቃጥ ላይ ምን እንዳለበትና መቼ እንደተሠራ አልተጻፈም። ሽያጫቸው ይከልከል ወይስ አይከልከል? የራሳችሁን የፊት ታሪክ ትታችሁ ሙያው የሚለውን አምጡ።

ፋርማሲስት
ይከልከል። ምክንያቴ ቅጠሉ አይደለም፣ ከቅጠሉ ጋር የሚደባለቀው ነው። የወዙ ቀዳዳ ውስጥ ውስጡን መደፈን ከጀመረ አንስቶ ብጉር ሆኖ ፊት ላይ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ የማንኛውም የብጉር ሕክምና ውጤት የሚለካው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ነው። «በ3 ቀን ያጠፋል» የተባለ ቅባት እውነትም በ3 ቀን ቅላቱን ካጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እንደ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ ብግነቱን ያበርዳል እንጂ የተደፈነውን አይከፍትም። ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ቀያይ ሽፍታዎች ይወጣሉ። ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ተጠቃሚው ይህን አይቶ «ቅባቱ ስለቀረብኝ ነው» ይልና ተመልሶ ይገዛል። ይዘቱ ካልተጻፈ ሐኪሙም ምን እንደሚያክም አያውቅም።

ቀማሚ
ወንድሜ፣ ስቴሮይድ የሚደባልቀውን ለመያዝ ሁሉንም መዝጋት አያስፈልግም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያንም ያካትታል፤ አዲስ ክልከላ ሳይሆን ያለውን ማስፈጸም ነው የቀረን። በጥንቃቄ የሚሠራ አነስተኛ አምራች ብልቃጡ ላይ የእያንዳንዱን ነገር ስም፣ የተሠራበትን ቀን፣ የሚያበቃበትንና የምድብ ቁጥሩን (አብረው የተሠሩ ብልቃጦች የሚጋሩትን ቁጥር) መጻፍ አይከብደውም። ይህን የማያደርገው ይውጣ፣ የሚያደርገው ይሥራ። በጅምላ ከተዘጋ ንግዱ ወደ ጓዳ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ማንም አይቆጣጠረውም።

የቆዳ ነርስ
ሁለታችሁም ስቴሮይድ የሌለበት ቅጠል ሁሉ ደህና እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የምትከራከሩት። ይህን አልቀበልም። የቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) 5 ገደማ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ። በፒኤች መለኪያ የ3 ልዩነት ማለት አሲድነቱ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ሎሚ ከስኳር ጋር ፊት ላይ ሲታሽ ስኳሩ ይፍቃል፣ አሲዱ የተፋቀውን ያቃጥላል። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ በተቃራኒው ከ8 በላይ ስለሆነ የቆዳውን መከላከያ ያፈርሳል። ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን ተወቅጦ ብጉር ላይ ከታሰረ ውሃ እስኪቋጥር ያቃጥላል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ጤና አዳም ነው። ቡና ላይ ሲጣል ጥሩ መዓዛ ያለው ይህ ቅጠል ፉራኖኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲመታው ያ ቦታ እንደ ቃጠሎ ይሆናል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይቀላል፣ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይጠቁራል። በእኛ ቆዳ ላይ እንዲህ ያለ ጥቁረት ወራት ይቆያል። ብዙ ሰው የሚመጣው ለብጉሩ ሳይሆን ብጉሩን ሊያጠፋ ሲል ላመጣው ጥቁር ምልክት ነው። ስለዚህ «ጤና አዳም አለው» ብሎ መጻፍ ብቻውን ማንንም አያድንም፤ ፊት ላይ በሚቆይ ቅባት ውስጥ ጨርሶ መግባት የለበትም።

ዕፀዋት አጥኚ
የጤና አዳሙ ልክ ነው፤ የሎሚውም እንዲሁ። ግን ከዚህ ተነስቶ ዕፅ አይረባም ማለት ስሕተት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ በ124 ሰዎች ላይ 5 በመቶ የቲ ትሪ ዘይት (ከአንድ የአውስትራሊያ ዛፍ ቅጠል የሚወጣ) የተለመደ የብጉር መድኃኒት ከሆነው 5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ተነጻጽሮ ሁለቱም ብጉሩን ቀንሰዋል። ዘይቱ ዘገምተኛ ነበር፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን አነስ ያለ ነው። ልብ በሉ፣ 5 በመቶ ነው፤ ሳይበረዝ ብጉር ላይ የሚቀባ አይደለም። የእኛ ባሕር ዛፍ ዘመዱ ቢሆንም ዘይቱ ሌላ ነው፤ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ሁሉም ተፈጥሯዊ ነገር ደግሞ ፈተናውን አያልፍም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የኒው ዚላንድ ጥናት 90 በመቶ የካኑካ ማር (ካኑካ ከሚባል የአገሩ ተክል አበባ የሚገኝ ማር) ያለበትን ቅባት ከፀረ ባክቴሪያ ሳሙና ጋር ሰጥቶ፣ ሳሙናው ብቻውን ካደረገው የበለጠ ለውጥ አላገኘም። ማር ወዳጅ ብሆንም ይህን መደበቅ አልችልም።

እሬት የሚሸጡም የሚገዙም አንድ ነገር ይወቁ። ቅጠሉ ተቆርጦ ወዲያው ፊት ላይ ከታሸ ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ያሳክካል። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ 15 ደቂቃ ማቆም፣ ቢጫው ሲያልቅ ማጠብ፣ ልጣጩን በደንብ መግፈፍ፣ የውስጡን ጥርት ያለ ዝልግልግ ብቻ መውሰድ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ከዚያ በላይ አይቆይም።

የፀጉር ባለሙያ
ስለ ፊት ቅባት ስትከራከሩ የፀጉሩን ረሳችሁት። ብጉሩ ግንባርና የፀጉር ጠርዝ ላይ ብቻ ከተደረደረ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቅቤውና የፀጉር ቅባቱ ነው። ቅቤ የሚቀባ ሰው ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ አድርጎ ይቀባ፣ ግንባሩን ይጥረግ፣ የትራስ ልብሱን ይቀይር። ይህ ሳይታይ የፊት ቅባት መሸጥ ገንዘብ መብላት ነው።

ፋርማሲስት
እህቴ ይህን ስላነሳሽ አመሰግናለሁ። ሌላም አለ፦ ግንባርና ደረት ላይ ትንንሽ፣ እኩል የሆኑና የሚያሳክኩ ሽፍታዎች ብጉር ላይሆኑ ይችላሉ፤ ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ያመጣቸዋል። ይህ ፈንገስ ቅባት ይወዳልና ለብጉር ተብሎ የተሸጠው ዘይት ይመግበዋል።

ወደ ቀማሚዋ ልመለስ። 5 በመቶ የቲ ትሪ ዘይት ማለት ቀላል ነው፤ ጓዳ ውስጥ የሚሠራው ግን እንዴት ይደርስበታል? ጠብታ የሚቆጥር ሰው መጠኑን አያውቅም፤ ጠብታ እንደ ጠርሙሱ አፍ ይለያያል።

ቀማሚ
በሲሪንጅ ነው የሚለካው። ለ10 ሚሊ ሊትር የሚውለው ዘይት 0.5 ሚሊ ሊትር ነው። ትልቁ ስሕተት ሌላ ቦታ ነው፦ ዘይት በውሃማ ጄል አይሟሟም። በማንኪያ ቢማሰልም ተመልሶ ይንሳፈፋል፤ አንዱ ጣት ባዶ ጄል፣ ሌላው ያልተበረዘ ዘይት ያነሳል፣ ፊቱም በነጠብጣብ ይቃጠላል። ዘይቱ አስቀድሞ ከ3 እስከ 5 እጥፉ ከሆነ ፖሊሶርቤት 20 (ዘይትን ከውሃ ጋር የሚያዋህድ ነገር) ጋር ይደባለቃል፣ ከዚያ ነው ጄሉ ቀስ እየተባለ የሚጨመረው። ብልቃጡ ጥቁር ቡናማ ይሁን፤ ዘይቱ በብርሃንና በአየር ሲበላሽ አለርጂ ያመጣል። ውሃ ያለበት ነገር ሁሉ ደግሞ እንዳይበላሽ የሚያደርግ መጠበቂያ ይፈልጋል፤ ፌኖክሲኤታኖል ከሆነ በ100 ግራም ከ1 ግራም ሳይበልጥ። «መጠበቂያ የለውም» ብሎ እሬት በመደርደሪያ ላይ የሚሸጥ ሰው ባክቴሪያና ሻጋታ ነው የሚሸጠው።

የቆዳ ነርስ
እንዲህ የሚሠራ ከሆነ ተቃውሞዬ ይቀንሳል። መመሪያውም ይጻፍበት እንጂ፦ በክንድ ውስጠኛ ክፍል አንድ ቦታ ላይ በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ተሞክሮ ካላሳከከ ብቻ ፊት ላይ። ፊትን በቀን 2 ጊዜ ለስላሳ ማጽጃ ይበቃዋል፤ የልብስ ሳሙና ፒኤቹ ከ9 በላይ ነው፣ ይቅር። ሕመም ያላቸው ትልልቅ እብጠቶች፣ ጠባሳ የሚተው ብጉር ወይም እርግዝና ካለ ቅባት ቀማሚ ጋር ሳይሆን ሐኪም ጋር ይኬድ።

ፋርማሲስት
የጽሑፉን ግዴታ እቀበላለሁ። አንድ የማልለቀው ነገር ግን አለ፦ ጽሑፍ ሊዋሽ ይችላል። ስቴሮይድ የሚደባልቅ ሰው «ስቴሮይድ አለው» ብሎ አይጽፍም። ከገበያ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ እስካልተፈተሸ ድረስ «በ3 ቀን» የሚል ማስታወቂያ ራሱ መከልከል አለበት።

ቀማሚ
ይከልከል፣ እስማማለሁ። የምድብ ቁጥር ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ናሙናው ስቴሮይድ ቢገኝበት የዚያን ቀን ብልቃጦች በሙሉ ከየሱቁ መሰብሰብ የሚቻለው ቁጥሩ ካለ ነው።