ፋይሉን ወደ ናስ (በኔትወርክ የሚጋሩት የዲስክ ሳጥን) ላዞር ነው፤ ዳታቤዙም አብሮ ይሂድ?

ጨሞጋ፦

እንዴት ሰነበታችሁ። የምሠራው ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ነው። አይቲ ክፍል የሚባለው እኔና አንድ ቴክኒሻን ነን።

ሦስት ሰርቨር አለን፤ ሁሉም ሊኑክስ ናቸው። አንደኛው ላይ ስካን የተደረገ ሰነድ አለ፦ የአባላት ፎርም፣ የሚዛን ደረሰኝ፣ የማዳበሪያ ርክክብ። 2.4 ቴራባይት ደርሷል፣ ዲስኩ ሊሞላ ነው። ሁለተኛው ላይ የሒሳብና የአባላት ሲስተሙ ከነዳታቤዙ ነው። ፖስትግሬስ ነው፣ 60 ጊጋ ገደማ። ሦስተኛው 6 ቴራ ዲስክ ታቅፎ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።

አሁን ባለ አራት ዲስክ ናስ ተገዛልን። ዲስኮቹ 8 ቴራ፣ 8 ቴራ ናቸው። ሀሳቤ ሁሉንም እሱ ላይ አድርጌ ሦስቱም ሰርቨሮች በኔትወርክ እንዲጠቀሙበት ነው። አለቃዬ የማዳበሪያው ግርግር ሰኔ ላይ ስለሚያልቅ «ሐምሌ ላይ ጨርሺው» ብለውኛል።

ዳታቤዙም አብሮ ይሂድ? ኤንኤፍኤስ (ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራው) ይሻላል አይስካዚ (ዲስክ በኔትወርክ የሚሰጠው)? ሥራ ሳይቆምስ ይሆናል?

ባህር ዳር ማዶ፦

አይስካዚ አድርጊው፣ ፈጣን ነው። ናሱ ላይ አንድ ትልቅ ክፋይ ፍጠሪና ለሦስቱም ሰርቨር አገናኚው። ዳታቤዙም ይሂድ፣ ምን ችግር አለው? ስዊቹን (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚገናኙበትን ሳጥን) ወደ 10 ጊጋቢት ካሳደጋችሁት ደግሞ አለቀ።

የዳሞት ሰው፦

ልጄ ጨሞጋ፣ ከላይ የተባለውን እንዳለ እንዳትሠሪው። ወንድማችን በቅንነት ነው የጻፈው፣ ግን አንድ ክፋይ ለሦስት ሰርቨር ያለው ነገር ዳታሽን ይበላዋል።

አይስካዚ የሚሰጥሽ ጥሬ ዲስክ ነው፣ ፋይል አይደለም። ኤክስት4 ወይም ኤክስኤፍኤስ (የሊኑክስ የተለመዱ የፋይል ሥርዓቶች) የሆነ ዲስክ ሁለት ሰርቨር ላይ በአንድ ጊዜ ማውንት ካደረግሽው (እንደ ፎልደር ካገናኘሽው)፣ እያንዳንዱ ዲስኩ የብቻው ይመስለዋል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያውቅ በላዩ ይጽፍበታል። ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ እስኪታወቅ ባክአፑም ተበላሽቶ ይቆያል። ዲስክ ለመጋራት ተብለው የተሠሩ ኦሲኤፍኤስ2 እና ጂኤፍኤስ2 የሚባሉ የፋይል ሥርዓቶች አሉ፣ ለሁለት ሰው ክፍል ግን ጣጣቸው አያልቅም። ለሰነዱ ኤንኤፍኤስ ይበቃሻል።

ዳታቤዙን ካለበት አታንቀሳቅሺው። ፖስትግሬስ በኤንኤፍኤስ አይሠራም ማለቴ አይደለም፣ በደንብ ከተስተካከለ ይሠራል። ግን እያንዳንዱ ግብይት ዲስክ ላይ መጻፉ እስኪረጋገጥ ይጠብቃል። ያ ጥበቃ በኔትወርክ ሲሆን ይረዝማል፤ ስዊቹ አንዴ ሲያንገራግር ገንዘብ ያዡ መስኮት ላይ ሰው ይሰለፋል። 60 ጊጋ ደግሞ ለማን ይከብዳል? በየሌሊቱ ባክአፑን ናሱ ላይ አውጪለት፣ በቃ።

የማዞሩ ሥራ ያን ያህል አያስፈራም። አንድ ጊጋቢት በወረቀት ላይ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው፣ በተግባር 110 ካገኘሽ ጥሩ ነው። በዚህ ስሌት 2.4 ቴራ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ግን ይሄ ለትልልቅ ፋይል ነው። ያንቺ አንድ አንድ ገጽ ደረሰኝ ነው፤ ለእያንዳንዷ ፋይል ሰርቨሩና ናሱ ሲመላለሱ ጊዜው በጣም ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ልጨርስ አትበይ። ሥራው እየተሠራ በአርሲንክ (የፋይል መቅጃ ትእዛዝ) ኮፒ ማድረግ ጀምሪ፣ ቀናት ይፍጅ። ከዚያ ድገሚው፤ ሁለተኛው ዙር የተለወጠውን ብቻ ስለሚወስድ ያጥራል። መጨረሻ ላይ ቅዳሜ ማታ የስካኑን ፕሮግራም አቁመሽ የመጨረሻውን ዙር ስጪው። ሥራ የሚቆመው ያኔ ብቻ ነው። አርሲንኩ ላይ ኑሜሪክ አይዲስ የሚለውን አማራጭ (የፋይሉን ባለቤት በቁጥሩ የሚያስተላልፈውን) አትርሺ። ኤንኤፍኤስ በተለመደው አሠራሩ ሰውን የሚለየው በቁጥር እንጂ በስም አይደለም፤ የስካኑ ዩዘር አንዱ ሰርቨር ላይ 1001 ሌላው ላይ 1004 ከሆነ ሰኞ ጠዋት «ፈቃድ የለህም» ብቻ ነው የምትሰሚው።

አሁን ዋናው ነገር። አንድ መሥሪያ ቤት ያየሁትን ልንገርሽ። መብራት ጠፍቶ ተመለሰ። ሰርቨሩ ቀድሞ ተነሣ፣ ናሱ ገና እያዛጋ ነው። ማውንቱ ከሸፈ። ግን የማውንቱ ፎልደር ሰርቨሩ ላይ ባዶውን አለ አይደል? የስካን ፕሮግራሙ ምን ቸገረው፣ እዚያው መጻፍ ጀመረ። ማንም አላወቀም። በኋላ ናሱ በትክክል ሲገናኝ ያ ሁሉ ሰነድ ከሥሩ ተሸፈነ። «ሰነድ ጠፋ» ተብሎ ሰው ሊከሰስ ነበር! ዲስኩ ሲሞላ ነው ነገሩ የተገለጠው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማውንት ከማድረግሽ በፊት ባዶውን ፎልደር በቻትአትር ትእዛዝ ቆልፊው፤ ያኔ ናሱ ከሌለ ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) እንኳ አይጽፍበትም፣ ፕሮግራሙ ወዲያው ይጮኻል። ኤፍኤስታብ (የማውንቶቹ ዝርዝር ያለበት ፋይል) ላይ ኔትዴቭ (ኔትወርኩን ጠብቅ የሚለውን) ጨምሪ። ፕሮግራሙም ማውንቱ ከሌለ እንዳይነሣ በሲስተምዲ (የሊኑክስ ፕሮግራም አስነሺ) እሰሪው። ማውንቱ ሃርድ (ናሱ እስኪመለስ የሚጠብቅ) ይሁን። ሶፍት ካልሽው ኔትወርክ ሲቆራረጥ ፕሮግራሙ ስህተት ይመለስለታል፤ ስህተቱን በአግባቡ ካልያዘው ግማሹ የተጻፈ ፋይል ይቀርሻል።

ሐምሌን ደግሞ ተዪው። ሥራ ቢቀዘቅዝም መብረቁን ምን ልታደርጊው ነው? እኛ ቡሬ ላይ በክረምት መብራት ሲሄድ ሲመጣ ይውላል፤ ማርቆስም ያው ነው። ናሱንም ስዊቹንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ሰኪ። ብዙ ቦታ ሰርቨሩ ዩፒኤስ አለው፣ ስዊቹ ግን ግድግዳ ላይ ነው የሚሰካው። ስዊቹ ከጠፋ ደግሞ ሰርቨሩ ቢበራ ምን ዋጋ አለው? ስታጠፊ ሰርቨሮቹን አስቀድሚ፣ ናሱ መጨረሻ። ስታበሪ ናሱ መጀመሪያ።

አራቱን ዲስክ በሬይድ 6 (ዲስኮቹን እንደ አንድ በሚያሠራ አደራደር) አድርጊው። 16 ቴራ ይተርፍሻል፣ ሁለት ዲስክ ቢሞትም ሥራሽ አይቆምም። ሬይድ 5 ላይ 24 ታገኛለሽ፣ ግን አንድ ዲስክ ሞቶ ምትኩ እስኪሞላ ድረስ እንቅልፍ የለም። ሬይድ ባክአፕ አይደለም፤ አንድ ሰው ፎልደሩን ቢሰርዘው ከአራቱም ዲስክ ነው የሚሰረዘው። ያ ሥራ ፈት ያልሽው ሦስተኛው ሰርቨርሽ ባክአፕ ይሁን። ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጪው።

ባህር ዳር ማዶ፦

ጋሼ፣ ለእያንዳንዱ ሰርቨር የየራሱ ክፋይ ከተሰጠው እኮ አይስካዚ ችግር የለውም። እንዲያውም ዲስኩ በኤልቪኤም (ዲስኮችን በቡድን የሚያስተዳድር የሊኑክስ ሥርዓት) ከተሠራ፣ የናሱን ክፋይ ወደ ቡድኑ ጨምራ ዳታ በሚያዞረው ትእዛዝ በፒቪሙቭ ሲስተሙ ሳይቆም ታዞረዋለች። ተጠቃሚው አያውቅም። ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል።

የዳሞት ሰው፦

ይሄኛው ልክ ነህ፣ ፒቪሙቭ ግሩም ነገር ነው። ግን የእሷ ችግር ሦስቱ አንድ ሰነድ እንዲያዩ ነው። በየክፋዩ ካደረገችው ያው አንዱ ሞልቶ ሌላው ባዶ ይሆናል፣ ቦታው ብቻ ነው የሚለወጠው።

ጨሞጋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አለቃዬን አነጋግሬ ከመስቀል በኋላ ተባለ። ዲስኩ እስከዚያ እንዳይሞላብኝ የድሮዎቹን ዓመታት ሰነድ ለጊዜው ሦስተኛው ሰርቨር ላይ አሳርፋለሁ። ዩፒኤሱን ሄጄ አየሁት፤ ስዊቹ በእርግጥም ግድግዳው ላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። የካሜራው ኔትወርክም በዚያው ስዊች ነው የሚያልፈው፣ ይጎዳል? አሮጌው ዲስክ ላይ ያለውንስ መቼ ልሰርዘው?

የዳሞት ሰው፦

ካሜራው ቀን ከሌት ይልካል፣ ያጨናንቅሻል። ናሱን በራሱ ቪላን (በስዊቹ ውስጥ ለብቻው የተከፈለ ኔትወርክ) ለዪው። ቪላን ብቻውን ፍጥነት አይጨምርም፣ ግን የሌላው መሣሪያ ጫጫታ አይደርስበትም፣ ማንም ላፕቶፕ ሰክቶ አይነካካውም። ትንሽ ስዊች ለብቻው ከተገኘ ደግሞ የበለጠ ጥሩ፤ እሱንም ዩፒኤስ ላይ።

አሮጌውን አትቸኩዪ። ለንባብ ብቻ ማውንት አድርጊና አንድ የወር መዝጊያ ይለፍበት። ሒሳብ ክፍሎች የድሮ ደረሰኝ የሚፈልጉት ያኔ ነው፣ የጎደለ ካለ እነሱ ያገኙታል። ከዚያ ከባክአፑ ላይ ጥቂት ፎልደር መልሰሽ አውጪና ክፈቺው። ከተከፈተ ሰርዢ።