ከአባታችን ጋር ወደ ካዲዝ፦ አንድ ቀን ወይስ ሦስት ሌሊት?

የማርቆስ ልጅ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። እኅቴ ስፔን ውስጥ በሴቪያ ከተማ ትማራለች፤ በመጪው ጥቅምት ከአባታችን ጋር ሄደን ልንጠይቃት አስበናል። አባታችን እዚህ ደብረ ማርቆስ ለረጅም ዘመን ታሪክ ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ሰከላ ድረስ መጥቶ ጊሽ ዓባይን ማየቱን ሲያስተምሩ ስለኖሩ፣ የሰውየውን አገር በዓይናቸው ለማየት ያላቸው ጉጉት ከእኔ ይበልጣል። በባሕር ዳርቻ ያለች ጥንታዊ የስፔን ከተማ ማየት ከፈለጋችሁ ካዲዝ ሂዱ ያሉን ብዙዎች ናቸው። እኅቴ በባቡር ደርሶ መልስ አንድ ቀን ይበቃል ትላለች፤ እኔ ግን ሦስት ሌሊት ብናድር እመርጣለሁ። አባታችን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ረጅም ደረጃ መውጣት አይሆንላቸውም፤ ጾመ ጽጌንም አጥብቀው ይጾማሉ። የምታውቁ ብትመክሩን፣ ካዲዝ ውስጥ ፓኤዝን የሚያስታውስ ነገር ካለም ብትጠቁሙን እናመሰግናለን።

ጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ ከሦስቱ ሌሊት አንዱንም አይቀንሱ። ለትምህርት ሁለት ዓመት ካዲዝ ኖሬያለሁ። ባቡሩ ከሴቪያ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ውሎ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ለቀን የሚመጣ እንግዳ ካቴድራሉን ዞሮ፣ ዓሣ በልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል እንጂ ከተማዋን አያውቃትም። አሮጌው ከተማ ባሕር ከሞላ ጎደል ዙሪያውን የከበበው ጠባብ ምድር ነው፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ለአባትዎ ጉልበት ይስማማል። ማረፊያችሁን በዚያው በአሮጌው ክፍል ብትይዙ እርሳቸው ሲደክማቸው ገብተው አረፍ ለማለት ይመቻቸዋል።

ለታሪክ መምህር መጀመሪያ የሚታየው በሚና አደባባይ ያለው ሙዚየም ነው። ከተማዋን ጋዲር ብለው የቆረቆሯት ከዛሬዋ ሊባኖስ ጠረፍ የመጡት የጥንት ባሕረኞች፣ ፊንቄያውያን ናቸው። ትውፊቱ ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1100 ያደርሰዋል፤ ከመሬት የወጣው ማስረጃ ግን ከዘጠነኛውና ከስምንተኛው ምዕተ ዓመት አይዘልም። እ.ኤ.አ. በ1887 ጺማም ሰው የተቀረጸበት የፊንቄያውያን የእምነ በረድ የሬሳ ሣጥን ተገኘ። በኋላ የሙዚየሙ ኃላፊ የሆነው ፔላዮ ኪንቴሮ የሴት ምስል ያለበት ሌላ ሣጥን መኖር አለበት ብሎ ሲፈልግ ኖሮ ሳያገኘው ሞተ። በ1980 ሣጥኑ ሲገኝ፣ የተቆፈረው ቦታ የራሱ የኪንቴሮ ቤት የነበረበት ግቢ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እኔ በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ ተመላልሼ እንዳየኋቸው አላስታውስም። ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ ዝግ ስለሆነ ቀናችሁን በዚያ ልክ ቁጠሩ።

የሮማውያኑ ቲያትርም በዚያው በ1980 ነው ከፖፑሎ ሰፈር ቤቶች ሥር የተገኘው። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ከ1722 እስከ 1838 የተገነባው ካቴድራል አለ። በአሮጌው ከተማ ስትዘዋወሩ ወደ ግድግዳዎቹ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ የተሠሩበት ድንጋይ ከባሕር ዳርቻ የተፈለጠ በመሆኑ፣ ሙሉ ዛጎል ከነመስመሩ ተጣብቆበት በእጅ ይዳሰሳል። አባትዎ የሳን ፌሊፔ ኔሪን ቤተ ጸሎትም ሳያዩ አይመለሱ፤ የናፖሊዮን ጦር ከተማዋን ከብቦ ሳለ የተሰበሰቡት የሕዝብ እንደራሴዎች የመከሩት በዚያ ነው፤ የስፔንን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥትም እ.ኤ.አ. መጋቢት 19 ቀን 1812 በካዲዝ አወጁ።

ፓኤዝን ግን እዚህ አትፈልጉት። የተወለደው ከማድሪድ በስተምሥራቅ ባለች ኦልሜዳ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ከአዲስ አበባ በማድሪድ በኩል የምትገቡ ከሆነ፣ ለዚያ የሚሆን ግማሽ ቀን ከማድሪድ ቆይታችሁ ላይ ብታተርፉ ይሻላል።

የእንጅባራው፦
ስለ ቪዛው ልጨምር። የሸንገን (ስፔንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ስለሚቻል ክረምቱ እስኪወጣ አትጠብቁ። የጉዞ መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። እኅትዎ ቤት የምታርፉ ከሆነ የጥሪ ደብዳቤውን የምታወጣው እርሷ ናት፤ የሚሰጠውም በስፔን ብሔራዊ ፖሊስ ጣቢያ ስለሆነ በራሷ እጅ ጽፋ የምትልከው ወረቀት አይተካውም። እኔ መጀመሪያ ያመለከትሁ ጊዜ አንድ ደላላ መክሮኝ ከዘመድ የተበደርሁትን ገንዘብ በአንድ ቀን ባንክ አስገብቼ መግለጫውን አያያዝሁ፤ ማመልከቻዬም ውድቅ ሆነብኝ። የአባትዎን የጡረታ ደብተርና የራስዎን የደመወዝ መግለጫ እንዳሉ አቅርቡ። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ቲኬት አትግዙ።

እማዋይሽ፦
በጾሙ አትጨነቁ። በዚያ አገር ምግቡ የሚሠራው በወይራ ዘይት ነው፤ ሽምብራን ከቆስጣ መሳይ ቅጠል ጋር የሚሠሩት ወጥ ለጾመኛ ጥሩ ነው። ሆኖም መረቁ ውስጥ የአሳማ ሥጋ የሚጨምሩ ስላሉ፣ ሳያዝዙ በፊት «ሲን ሀሞን» (ያለ አሳማ ሥጋ) ብሎ መጠየቅ ይገባል። ካዲዝ የምትታወቅበት ስስ ቂጣ የሽምብራ ዱቄት ስላለበት የጾም ይመስላል፤ ነገር ግን ውስጡ ደቃቅ ሽሪምፕ ስለሚገባበት አባታችን ሳያውቁ እንዳይበሉት። ሌላው የሰዓቱ ነገር ነው። ብዙ ሱቆች በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይዘጋሉ፤ እራትም ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት የሚያቀርቡት ጥቂቶች ናቸው። እናቴን ይዤ በሄድሁ ጊዜ ዳቦ፣ ቴምርና ብርቱካን ሁልጊዜ ከቦርሳዬ አልለይም ነበር።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አባታችን የኪንቴሮን ታሪክ ሳነብላቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ሦስቱ ሌሊት ተቆርጧል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ከተማዋን ከላይ የምታሳየው ታቪራ ግንብ ለእርሳቸው ትሆናለች?

ጣና ዳር፦
አትሆንም። ከ170 በላይ ደረጃ አላት፤ አሳንሰር የላትም። በጥንት ዘመን ነጋዴዎች ከአሜሪካ የሚመለሱ መርከቦቻቸውን ከሩቅ ለማየት ካሠሯቸው ግንቦች አንዷ ናት፤ በጨለማ ክፍሏ ውስጥ የከተማዋ ሕያው ምስል ነጭ ገበታ ላይ ሲወርድ ይታያልና እርስዎና እኅትዎ ውጡ። አባትዎ በዚያ ሰዓት ቅርብ ባለው በአበቦች አደባባይ ቡና ይዘው ይቀመጡ። የካቴድራሉ ግንብ መውጫ ደረጃ ሳይሆን ዘንበል ያለ መንገድ ስለሆነ፣ ጉልበታቸው በበረታበት ቀን ቀስ ብለው ሊሞክሩት ይችላሉ። ወደ ማታ ደግሞ ላ ካሌታ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ውሰዷቸው፤ በጥቅምት መጀመሪያ ፀሐይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ወደ አትላንቲክ ትጠልቃለች። ጋቢያቸውን ይያዙላቸው፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ቀላል አይደለም።