የሕግ መጽሔታችን የአባላቱን የሥራ ዜና ያውጣ ወይስ ይተው?

የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደሴ የምንማር የሕግ ተማሪዎች ራሳችን የምናዘጋጀው የሕግ መጽሔት ለመጀመር እየተመካከርን ነው። በብዙ ነገር ተስማምተናል። ያላግባባን የመጨረሻው ገጽ ነው። ግማሾቻችን «የአባላት ዜና» የሚል ዓምድ ይኑር እንላለን። ማን ዳኛ ሆነ፣ ማን ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተቀጠረ፣ ማን ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘ፣ የማን ጥናት ታተመ። የቀሩት ደግሞ «ይሄ ጉራ ነው፣ የሕግ መጽሔት ቦታው አይደለም» ይላሉ።

እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹን የሕግ መጽሔቶች የሚያዘጋጁት ተማሪዎች ናቸው። የሃርቫርዱ እ.ኤ.አ. በ1887 ነው የተጀመረው። ተማሪዎቹ የፕሮፌሰሮችን ጽሑፍ ይመርጣሉ፣ ያርማሉ፣ እያንዳንዱን የግርጌ ማስታወሻ ከምንጩ ጋር ያመሳክራሉ። ራሳቸውም ይጽፋሉ። ሲመረቁ ዳኞችም ትልልቅ የጥብቅና ቢሮዎችም ይፈልጓቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ባራክ ኦባማ የዚያ መጽሔት የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ ጋዜጦች ዘገቡት። መጽሐፍ እንዲጽፍ ውል ያገኘውም ያ ዜና ስላስተዋወቀው ነው። እኛ ጋ አንድ ልጅ ጥሩ ጥናት ሠርቶ ከተመረቀ በኋላ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ከሥር ያለው ተማሪ መንገዱን ማንን ይጠይቅ?

ጠበቃ፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ቅን ነው። ግን አልስማማም። የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጀመር የተከበረው በውስጡ ባለው ትንታኔ ነው። ዛሬም ጠበቃ ያንን መጽሔት የሚያገላብጠው የሚከራከርበት ነጥብ ስላለው ነው። የሹመት ዜና በወሩ ያረጃል። ጥሩ የውል ሕግ ትንታኔ ግን ሃያ ዓመት ይነበባል።

ከዚህም የባሰ የሚያሰጋኝ አለ። ዜናው ማንን ያደምቃል? አዲስ አበባ ትልቅ ቢሮ የገባውን፣ ውጭ አገር የሄደውን። አምባሰል ወይም ወግዲ ወረዳ ተመድቦ በዝምታ የሚሠራው ልጅ ስሙ አይነሳም። ከዚያ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው ወረዳ መመደብን እንደ ውድቀት ያየዋል። ይሄንን በወረቀት አትሙት እባካችሁ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሴት

ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካዊቷን የሕግ ባለሙያ የሩት ቤደር ጊንስበርግን ነገር እናስታውስ። በሃርቫርድም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም የሕግ መጽሔት አባል ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1959 ስትመረቅ ክፍሉን በአንደኝነት ከያዙት አንዷ ነበረች። እንዲያም ሆኖ የኒው ዮርክ የጥብቅና ቢሮዎች አልቀጠሯትም። ሴት ናት፣ እናት ናት ብለው። በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነች።

ስለዚህ አባልነት ብቻውን በር አይከፍትም። ዜና ካወጣን ሥራ ያገኙትን ብቻ አናውጣ። መውጫ ፈተናውን አልፋ፣ ጥሩ ጽፋ፣ ዓመት ሙሉ ሥራ የምትፈልግም አለች። እሷ ከፈቀደች ስሟና የጽሑፏ ርዕስ ይውጣ። የሚቀጥር ሰው ያየዋል።

የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ደቡብ ወሎ

ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ጉዳዩ ይመለከተኛል።

ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚያርመው ችሎት፣ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለነውን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመው ይወጣሉ። ችግሩ ማን ያብላላቸው የሚለው ነው። እኔ ጠዋት ችሎት ገብቼ የቀለብ፣ የስጦታ፣ የመሬት ኪራይ፣ የውርስ መዝገብ እሰማለሁ። ሁለት የሰበር ውሳኔ የሚጋጩ ሲመስሉኝ ቁጭ ብሎ ያመሳከረልኝ ሰው የለም። ያንን የሚሠራ ተማሪ ለኔ ትልቅ ዜና ነው። የት እንደተቀጠረ ከዚያ በኋላ ይነገረኝ።

ሁለተኛ፣ ወሎ ላይ ቁጭ ብላችሁ የወሎን ጉዳይ ጻፉ። አበጋሮች፣ የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ደም ሲያስታርቁ የኖሩበት አገር ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3347 ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ልማዳዊ ደንብን ሽሯል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 34(5) ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። በወንጀል ላይ ግን እንዲህ አላለም። ታዲያ አበጋር አስታርቆ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው በልተው ሲያበቁ የወንጀል መዝገቡ እኔ ፊት ሲቀርብ ዕርቁ ቅጣት ሲሰላ ምን ያህል ይመዝን? ይሄንን በደንብ የጻፈ ተማሪ ስሙ በመጽሔቱ ፊት ለፊት ይውጣ።

በአማርኛ ጻፉት ደግሞ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኛ የምንፈርደው በአማርኛ ነው። ከሚሴ በኩል በአፋን ኦሮሞ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ለማን ነው የምትጽፉት?

ልጄ፣ ኦባማን ካነሳህ ታሪኩን ጨርሰው። እንደዚያ ያለ ተመራቂ ለትልቅ ዳኛ ረዳት ሆኖ ይጀምራል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። እሱ ግን ቺካጎ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1992 መራጮችን የማስመዝገብ ዘመቻ መራ፣ ከዚያ የሲቪል መብት ጉዳይ የሚይዝ ቢሮ ገባ። ዜና የምታወጡ ከሆነ እንዲህ ያለውንም እንደ ስኬት ቁጠሩት።

የተማሪ አባት፣ ሐይቅ

እኔ ሕግ አልተማርኩም። ልጄ የጻፈው ታትሞ፣ የደረሰበት ተጽፎ ባይ ማሻአላህ እላለሁ እንጂ ጉራ ነው አልልም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። አባል የሚሆነው ማነው? በትርፍ ጊዜው እየሠራ የሚማር ልጅ ለዚህ ጊዜ ያገኛል?

የሕግ መምህር

የአባትየው ጥያቄ ዋናው ነው። በውጤት ብቻ ከመረጣችሁ ያው የታወቁት ልጆች ይገባሉ። አሜሪካኖቹም ብዙዎቹ ውጤትን ከጽሑፍ ውድድር ጋር ያጣምራሉ። ለሁሉም አንድ ጉዳይ ይሰጣል፣ ስም ሳይጻፍበት ይታረማል። እናንተም እንዲያ አድርጉ። አባልነት የሥራ ማስረጃ እንዲሆን ከፈለጋችሁ አገባቡ ንጹሕ መሆን አለበት። አለዚያ ቀጣሪው ያንን ገጽ አያምነውም።

ጠበቃ፣ ኮምቦልቻ

በስም አልባ ውድድር ከሆነ ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። አሁንም ግን ሥራ የያዘ ሰው ዝርዝር ብቻ ከሆነ ተቃውሞዬ እንዳለ ነው።

የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፣ ደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ጠበቃው፣ ዝርዝር ብቻ አይሆንም። አሁንም ዓምዱ ይኑር ባይ ነኝ፤ አሠራሩን ግን እንዲህ አድርጌ ለጓደኞቼ አቀርባለሁ። የማንም ዜና ከሥራው ተለይቶ አይወጣም። መጀመሪያ የጻፈው ወይም ያረመው ጽሑፍ ርዕስና ፍሬ ሐሳብ፣ ቀጥሎ አሁን ያለበት ቦታ። አልብኮ ወረዳ ዐቃቤ ሕግ የሆነውና ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ የጀመረው በእኩል መስመር፣ በፊደል ተራ ይሰፍራሉ። ሥራ የምትፈልገዋም ከፈቀደች ትገባለች፤ አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ ነጥብሽ አይታለፍም። ያልፈቀደ ሰው ስሙ አይነሳም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ወረቀት ምን እንደሚደርስበት ያን ጊዜ አይተናል። ስለዚህ መጽሔቱ ታትሞ ለየወረዳው ፍርድ ቤት ቅጂ ይላክ እላለሁ። ክቡር ዳኛ፣ የሰበር ውሳኔ ላይ የሚሠራው ቡድን ከየትኛው ጉዳይ ይጀምር? ቀለብ ወይስ ስጦታ?

የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ደቡብ ወሎ

ከስጦታ። የሚጋጩ የሚመስሉኝን መዝገቦች ቁጥር በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።