ኮንጎ የወረደ መብረቅ እንዴት ነው ወዲያው የሚታወቀው?

ክረምት_ወዳጅ፦
ሰላም ናችሁ? ስልኬ ላይ የመብረቅ ካርታ አለ። ኮንጎ ጫካ ውስጥ የወረደውን ሁሉ ወዲያው ያሳያል። ነጎድጓድ እንኳ ከ20 ኪሎሜትር በላይ ብዙም አይሰማም፤ ታዲያ ይሄንን ማን ነው የሚያየው? ሳተላይት ነው ያለኝ አለ፣ ካርታው ግን ስለ ሬዲዮ ጣቢያዎች ነው የሚያወራው። አዲስ አበባ ቤቴ ሆኜስ መሞከር እችላለሁ?

ሽቦ_ቀጣይ፦
ሳተላይትም አለ፣ ያንተ ግን ሬዲዮ ነው። መብረቅ ሲወርድ በቅጽበት ከባድ ኤሌክትሪክ ስለሚፈስ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል፣ ጉልበቱም የሚበዛው ከ5 እስከ 10 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። ከታች መሬት፣ ከላይ ደግሞ አዮኖስፌር የሚባለው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የአየር ንብርብር (ቀን 70 ኪሎሜትር ገደማ፣ ሌሊት ወደ 85) እየመለሱት፣ ቱቦ ውስጥ እንደገባ ውሃ በመካከላቸው ሺህ ኪሎሜትሮችን ይጓዛል። ተራራ ምናምን አይበግረውም።

ቦታው የሚገኘው በሰዓት ልዩነት ነው። ሞገዱ በ1 ሚሊሰከንድ 300 ኪሎሜትር ይሄዳል፤ በጂፒኤስ ሰዓታቸውን ያስተካከሉ ጣቢያዎች መቼ እንደደረሳቸው ይመዘግባሉ፣ ከዚያ ስሌት ነው። ከሲያትሉ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዓለም አቀፍ መረብ ቢያንስ 5 ጣቢያ ካልሰማው አይቀበለውም።

ተጠራጣሪው፦
ካርታውን ግን በጣም አትመነው። ደካማው መብረቅ ያመልጠዋል፣ በተለይ መሬት ሳይደርስ ደመና ውስጥ የሚቀረው። ቀን ላይ ደግሞ አዮኖስፌር ሞገዱን ይበልጥ ስለሚውጠው ከሌሊቱ ያነሰ ነው የሚይዘው። ካርታው ባዶ ነው ብሎ ዛፍ ሥር የሚጠለል ካለ የራሱ ጉዳይ!

ሬዲዮ_ጠጋኝ፦
ቤት ውስጥ ይቻላል። ብዙ ዙር የተጠመጠመ ሽቦ፣ ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ላፕቶፕ፣ በቃ። በ48 ኪሎኸርዝ የሚቀዳ ሳውንድ ካርድ (የላፕቶፑ ድምፅ መቅጃ ክፍል) እስከ 24 ኪሎኸርዝ ይይዝልሃል። ችግሩ የመብራት መስመር ነው፤ የ50 ኸርዙ ጩኸት ከነልጆቹ (ከነብዜቶቹ) ሁሉንም ይሸፍነዋል። መብራት ሲጠፋ የምደሰት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም 😂 ያኔ ላፕቶፑን በባትሪ አድርገህ ስማው፣ ይንጣጣል። ሌሊት ደግሞ አንዳንዱ ‘ጲው’ ብሎ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ወደ 1.7 ኪሎኸርዝ የሚጠጋው ክፍል ከሌላው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ክረምት_ወዳጅ፦
ብቻዬን ግን ቦታውን አላገኝማ?

ሬዲዮ_ጠጋኝ፦
አታገኝም። ሁለት ጥምጥም አቋርጠህ ብታቆም አቅጣጫውን ትገምታለህ፣ እሱም ከፊት ይሁን ከኋላ አይለይልህም። ካርታ ከፈለግክ ብሊትዞርቱንግን እየው፣ በጎ ፈቃደኞች ቤታቸው ባቆሙት መቀበያ ነው የሚሠራው። እና ነጎድጓዱ ሰፈርህ ከደረሰ ውጭ ያለውን ሽቦ ቶሎ ንቀለው።