ላየንፊሽ፣ ኢል፣ ፓፈርና ትሪገር፦ የትኞቹ አዳኝ ዓሦች አብረው ይኖራሉ?

ሰማያዊ_ማዕበል፦

ሰላም ለሁላችሁ። 150 × 60 × 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጨው ውሃ አኳሪየም አዘጋጅቻለሁ። በልኬት 540 ሊትር ነው፤ ድንጋዩና አሸዋው የያዙትን ቦታ ስቀንስ ወደ 450 ሊትር ውሃ ይቀራል። ከሥሩ ሳምፕ (ውሃው ወርዶ የሚጣራበት ሁለተኛ ገንዳ)፣ በሳምፑ ውስጥ ደግሞ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ) አለው። ሳይክሉ (ቆሻሻውን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች የሚበዙበት ጊዜ) አልቋል፦ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 10፣ ጨዋማነት 1.024፣ ሙቀት 25 ዲግሪ። አሁን ያሉበት አራት ዳምስሎች (ትናንሽ የባሕር ዓሦች) ብቻ ናቸው። ኮራል አላስገባም፣ አዳኝ ዓሦችን ብቻ ነው የምፈልገው።

ያሰብኳቸው፦ አንድ ቮሊታንስ ላየንፊሽ፣ አንድ ስኖውፍሌክ ሞሬይ ኢል (እባብ መሰል ዓሣ)፣ አንድ ፖርኩፓይን ፓፈር፣ አንድ ክላውን ትሪገር እና አንድ ፓንተር ግሩፐር። ከኢሉ በስተቀር ሁሉም ገና ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ናቸው። አብረው ይስማማሉ? ማንን ላስቀድም?

ጥልቅ_ውሃ፦

ሰላም ወንድሜ። አኳሪየምህ ጥሩ መጠን አለው፣ የውሃህም ቁጥር ጥሩ ነው። የዓሦቹ ዝርዝር ግን እንዳለ የሚሄድ አይደለም። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱ ከገባህ ሌላ ዓሣ ባየህ ቁጥር ራስህ መፍረድ ትችላለህ።

መጀመሪያ ግሩፐሩን አውጣው። ፓንተር ግሩፐር በ5 ሴንቲ ሜትሩ ነጠብጣቡ ዓይን ይማርካል፣ ሲያድግ ግን እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ያንተ አኳሪየም ስፋት 60 ነው፤ መዞሪያ እንኳ አይኖረውም። ክላውን ትሪገርም 50 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ዓሣ ነው፤ ከርዝመቱ ይልቅ ግን የሚያስቸግረው ጠባዩ ነው። ትንሽ ሳለ ለወራት ሰላማዊ ሆኖ ይቆይና እያደገ ሲሄድ አኳሪየሙን በሙሉ የራሱ ያደርገዋል። ከጎኑ ያለውን ዓሣ ሆዱን ነክሶ ሊገድል ይችላል። እሱን የሚፈልግ ሰው ለብቻው ቢይዘው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አዳኝ ዓሦችን ስንመርጥ ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን ማንን ይውጣል?» ብለን ነው። የዚህ መልስ በአፍ ስፋት ስለሚታወቅ ቀላል ነው። ላየንፊሽ የራሱን ርዝመት ግማሽ የሚያክል ዓሣ ይውጣል። ስለዚህ ዳምስሎችህን ካላወጣሃቸው አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ከባዱ ጥያቄ «ማን ማንን ይነክሳል? ማንስ የማንን ምግብ ይቀማል?» የሚለው ነው። ላየንፊሽ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ክንፎቹን ዘርግቶ ምግቡን ጥግ ያስይዛል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚውጠው። ፓፈርና ትሪገር በተቃራኒው ዛጎል የሚሰብር ጥርስ አላቸው፤ ለምግብ ፈጣኖች ናቸው፣ ያዩትን ሁሉ በአፋቸው ይሞክራሉ። የላየንፊሽ ረጅም ክንፍ ለእነሱ የሚወዛወዝ ምግብ ነው። ክንፉ ጫፍ ጫፉን ይነከሳል፣ ቁስሉን ባክቴሪያ ይይዘዋል፣ ዓሣው ይደበቃል፣ መብላት ያቆማል። ውጊያ ሳታይ ዓሣህን ታጣለህ።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን ምረጥ። ወይ ላየንፊሽን መሠረት ያደረገ ረጋ ያለ አኳሪየም፣ ወይ ፓፈርን ወይም ትሪገርን መሠረት ያደረገ ኃይለኛ አኳሪየም። እኔ ባንተ መጠን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፦ አንድ ቮሊታንስ (ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ 450 ሊትር ለእሱ ዝቅተኛው ነው)፣ አንድ ስኖውፍሌክ ኢል፣ አንድ ፎክስፌስ። ፎክስፌስ አዳኝ አይደለም፤ አልጌ በሊታ ነው። ግን ሰውነቱ ሰፊ፣ እሾሁም መርዛም ስለሆነ በቀላሉ አይደፈርም፣ ድንጋዩንም ያጸዳልሃል።

ቮሊታንሱ ይገዝፍብኛል ካልክ ፈዚ ድዋርፍ ላየንፊሽ አለ። ከ17 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ውበቱም ከትልቁ አያንስም። ድዋርፉን ከመረጥክ ግን ኢሉ ገና ትንሽ ሆኖ ይግባ፣ በደንብ እየጠገበም ይደር።

ጨዋማ_ነፋስ፦

በአብዛኛው እስማማለሁ። ትሪገርን ሁሉ በአንድ ቅርጫት መክተት ላይ ግን አልስማማም። ክላውን፣ አንዱሌትድና ኩዊን ትሪገር ከላየንፊሽ ጋር በፍጹም አይሆኑም። ብሉጆ ትሪገር ግን ከነዚህ በጣም ይለያል። በባሕር ውስጥ የሚበላው ከወለሉ ላይ ዛጎል እየሰበረ ሳይሆን በውሃው መካከል የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው፤ ስለዚህ የጎረቤቱን ክንፍ የመንከስ ዝንባሌው ዝቅተኛ ነው። መጠኑም 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኒጀር ትሪገርም የዋህ ከሚባሉት ነው፤ እሱ ግን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚሄድና ብዙ ስለሚዋኝ ለ150 ሴንቲ ሜትር አኳሪየም አልመክረውም።

ብሉጆውን ካስገባህ ሦስት ነገር ጠብቅ። አንደኛ፣ መጨረሻ የሚገባው እሱ ይሁን፤ ቀድሞ የገባ ትሪገር በኋላ የመጣውን ሁሉ እንደ ወራሪ ያየዋል። ሁለተኛ፣ ቀዳዳ ባለው ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርገህ ከ5 እስከ 7 ቀን አኳሪየሙ ውስጥ አቆየው፤ እየተያዩ ይለማመዳሉ። ሦስተኛ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ አብላው፤ የተራበ ትሪገር የማይነካው ነገር የለም። የላየንፊሹን ክንፍ ጫፍ በየቀኑ ተመልከት። አንድ ቀን ትንሽ ቢቀደድ ድንጋይ ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ በተከታታይ ሁለት ቀን አዲስ ቁራጭ ከጎደለ ግን ትሪገሩን አውጣ። ለዚያ የሚሆን ሌላ ማቆያ ሳይኖርህ ትሪገር አታስገባ።

ትሪገር ሲፈራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የጀርባ እሾሁን ቀጥ አድርጎ ይቆልፋል። አትጎትተው፤ ትጎዳዋለህ። ከነድንጋዩ አንሣው።

ፓፈሩን በተመለከተ ከጥልቅ_ውሃ ጋር ነኝ። ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ከነዛጎሉ የሆነ ክላም፣ ሸርጣንና ሽሪምፕ በየሳምንቱ ሊበላ ይገባዋል፤ ካልሆነ ጥርሱ አፉን ይዘጋዋል፣ መብላትም ያቅተዋል። ድንቅ ዓሣ ነው፤ የሚያበላውን ሰው ሳይቀር ይለያል። ከላየንፊሽ ጋር ግን አይደለም።

ሰማያዊ_ማዕበል፦

በጣም አመሰግናለሁ። እንግዲያው ቮሊታንስ፣ ስኖውፍሌክ፣ ፎክስፌስና መጨረሻ ላይ ብሉጆ። ዳምስሎቹን አወጣለሁ። ላየንፊሽ በሕይወት ያለ ነገር ካልሆነ አይበላም ይባላል፤ ጎልድፊሽ ባበላውስ? ለኢሉስ የተለየ ዝግጅት ያስፈልጋል?

ቀስተ_ባሕር፦

ጎልድፊሽ አይሆንም። የጨዋማ ውሃ ዓሣ አይደለም፤ ስቡ ለባሕር ዓሣ አይስማማም፤ በዚያ ላይ ቪታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ታያሚኔዝ የተባለ ኤንዛይም አለው። ላየንፊሹ ለወራት ጤነኛ ይመስላል፣ ጉዳቱ ግን በውስጥ እየተጠራቀመ ነው፤ ሲገለጥ ጊዜው ያለፈ ይሆናል።

አዲስ ላየንፊሽ የሞተ ምግብ እንደማያውቅ ቁጠረው፤ መልመድ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት በሕይወት ያለ ትንሽ ሽሪምፕ ስጠው፤ ለሽሪምፑም ቀድመህ ጥሩ ምግብ አብላው፣ የሽሪምፑ ሆድ የላየንፊሹ ምግብ ነውና። አጥጋቢ መብላት ሲጀምር አንድ ቀን አስጹመውና የቀለጠ ሽሪምፕ ወይም ትንሽ የባሕር ዓሣ በረጅም መቆንጠጫ ይዘህ ፊቱ ላይ ቀስ እያልክ አወዛውዝ። የሚስበው እንቅስቃሴው ነው። እምቢ ካለ ከአንድ ደቂቃ በላይ አትጨቅጭቀው፤ በማግስቱ ሞክር። ቁራጩ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ርቀት አይብለጥ። ትልቅ ቁራጭ ከሰጠኸው ሳይፈጭለት ቀርቶ ይተፋዋል፤ ያ የተተፋ ሥጋ ድንጋይ ሥር ከቀረ በማግስቱ አሞኒያ ታያለህ።

ትንሽ ላየንፊሽ በየሁለት ቀኑ፣ ያደገው ደግሞ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። ሁልጊዜ ረሃብተኛ መስሎ ወደ መስታወቱ ይመጣልና አንጀትህን ይበላዋል፤ አትሸነፍ። ከመጠን በላይ የሚበላ ላየንፊሽ ጉበቱ በስብ ተሞልቶ ይሞታል። ምግቡን ቀያይር፦ ሽሪምፕ፣ ስኩዊድ፣ ክላም፣ የባሕር ዓሣ ሥጋ። በሳምንት አንድ ጊዜ ቪታሚን ነክረህ ስጠው።

አራቱንም በአንድ ጊዜ ስታበላ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በአኳሪየሙ አንድ ጫፍ ለብሉጆና ለፎክስፌስ ደቃቅ ምግብ በትን፤ ለፎክስፌሱ የባሕር አልጌ ቅጠል በመያዣ ስቀልለት። እነሱ እዚያ ሲጠመዱ በሌላው ጫፍ ላየንፊሹን በመቆንጠጫ አብላ። ኢሉ መጨረሻ ይሁን። ዓይኑ ደካማ ነው፣ የሚመራው በማሽተት ነው፤ ውሃው የምግብ ሽታ ከያዘ በኋላ ያገኘውን ሁሉ፣ ጣትህንም ጭምር፣ ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ መቆንጠጫው ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ጫፉ ስለታም አይሁን። ለኢሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሽሪምፕ፣ ስኩዊድ ወይም የሸርጣን ሥጋ በቂ ነው። ከገባ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሳይበላ ቢቆይ አትደንግጥ፤ ሞሬይ ጾምን ይችላል። ለጽዳት ብለህ ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን አታስገባ፤ የመጀመሪያ ምግቡ እነሱ ይሆናሉ።

ጥልቅ_ውሃ፦

የኢሉን ዝግጅት እኔ ልጨምር። አዲስ ኢል በብዛት የሚሞተው በበሽታ ሳይሆን ከአኳሪየሙ ወጥቶ የቤቱ ወለል ላይ ደርቆ ነው። ጭንቅላቱ በሚያልፍበት ቀዳዳ መላ ሰውነቱ ያልፋል። ክዳኑ ሙሉ ይሁን፣ የቧንቧና የሽቦ መግቢያውን ሁሉ በፕላስቲክ ወንፊት ዝጋ፣ ወደ ሳምፕ የሚወርደውን ውሃ መውጫም አትርሳ። ክዳኑ ላይ ክብደት አስቀምጥ፤ ጠንካራ እንስሳ ነው፣ ቀላል ክዳን ያነሣል።

ድንጋዩን በአሸዋው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በመስታወቱ ወለል ላይ አስቀምጥ፣ አሸዋውን ከዚያ በኋላ ጨምር። ኢሉ ከሥር ሲቆፍር ድንጋዩ እንዳይናድበት ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፒቪሲ ቧንቧ ከድንጋዩ ኋላ ብታስገባለት ቤቱ ያደርገዋል። ሂተሩ (የውሃ ማሞቂያው) ደግሞ ሳምፕ ውስጥ ይሁን፤ ትሪገር ሽቦ ይነክሳል።

ስኪመርህ ለ1,000 ሊትር ያህል የተሠራ ካልሆነ ቀይረው፤ ሥጋ በል ዓሦች የሚያወጡት ቆሻሻ ብዙ ነው። በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውሃ ቀይር፣ ናይትሬት ከ40 አይለፍ። በአንዱና በሚቀጥለው ዓሣ መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ይሁን፣ ባክቴሪያው ከጭነቱ ጋር እንዲያድግ። ቅደም ተከተሉ፦ ላየንፊሽ፣ የሞተ ምግብ ሲለምድ ኢል፣ ከዚያ ከ12 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ፎክስፌስ፣ በመጨረሻ ብሉጆ። እያንዳንዱ መጀመሪያ ለ30 ቀን ለይቶ ማቆያ ውስጥ ይቆይ። ኢል በመዳብ መድኃኒት ይጎዳልና ሌላው ታሞ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ እሱን አብረህ አታክም።

ጨዋማ_ነፋስ፦

አንድ ያልተነሣ ነገር አለ፤ መርዙ። ቮሊታንስ 18 መርዛም እሾሆች አሉት፦ 13 በጀርባው፣ 3 ከጭራው በታች ባለው ክንፍ፣ በሆዱ ባሉት ሁለት ክንፎች በእያንዳንዳቸው ላይ ደግሞ አንድ። በጎን የተዘረጉት ትላልቅ ክንፎች መርዝ የላቸውም። ፎክስፌስም ይወጋል። እጅህን ስታስገባ ሁለቱም የት እንዳሉ እያየህ ይሁን፤ ላየንፊሹን በግልጽ ፕላስቲክ ሰሌዳ ወደ አንድ ጎን ከልለው። ስታወጣው መረብ አትጠቀም፤ እሾሁ ይጠላለፋል። በሰፊ ዕቃ ከነውሃው ቅዳው።

ከወጋህ ወዲያው የተወጋውን ቦታ ከ43 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከር፤ ሙቀቱ መርዙን ያዳክመዋል። ሙቀቱን ባልተወጋው እጅህ ፈትሽ፣ የታመመው እጅ ቃጠሎ ላይለይ ይችላልና። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ካለ ግን ውሃውን አትጠብቅ፣ ቀጥታ ወደ ሕክምና።

ደግሞም ላየንፊሹ አንዳንዴ ሰውነቱ ነጭ ሽፋን ይዞ፣ ራሱን እያወዛወዘ ሽፋኑን ሲያራግፍ ታየዋለህ። ቆዳውን እየጣለ ነው፤ በሽታ መስሎህ መድኃኒት አትጨምር።