ቫርኒሹ ነጭ ጉም ለበሰብኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ሞዴል ሠሪዎች። 1/72 መጠን ያለው (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ) የኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄት ሞዴል እየጨረስኩ ነው። አየር ኃይላችን በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ ከሶማሊያ ሚግ ጄቶች ጋር የተፋለመበት ዓይነት። አክሪሊክ ቀለሙ አምሮ ወጣ። ተለጣፊ ምልክቶቹም ቦታቸውን ያዙ።

ከዚያ የሚያብረቀርቀውን የላከር ቫርኒሽ ስረጨው ክንፉ ላይ ነጭ ጉም ተጋገረበት። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ልብስ እንኳ በወጉ አይደርቅም። ማሟሟቻው ቶሎ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበትም እዚያው ይቀራል። ምክንያቱ ገብቶኛል። የጨነቀኝ ማስለቀቁ ነው። ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር በስሱ ብረጭበት ይጠራል ይባላል። ግን ተለጣፊዎቹን አይበላብኝም? እዚህ የማገኘው የመኪና ቀለም ቲነር ብቻ ነው።

ቀጥሎ በተርፐንታይን ያቀጠንኩትን የዘይት ቀለም በፓነል መስመሮቹ (የአውሮፕላኑ ገጽ ላይ ባሉት የመገጣጠሚያ ስንጥቆች) ውስጥ ላፈስ ነበር። ገጹ እንዲህ ሻካራ ሆኖ ግን ቀለሙ ይሰራጫል፣ ስለዚህ አቆይቼዋለሁ።

የጭስ ማውጫውን ጥላሸትስ በምን ላውጣው? በከሰል ዱቄት ወይስ በደረቅ ፓስቴል? አንድ ጓደኛዬ የቡና ዱቄት ሞክር ብሎኛል (የጅማ ሰው ሌላ ምን ይላል!)። የሞከራችሁት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።